ልጃችን ለትምህርት ቤት ምን ይዞ ይሄዳል?



በሪያድ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በነሐሴ መገባደጃ፣ የበረሃው ሙቀት ገና ሳይበርድ ነው። ይህ ወቅት ሲቃረብ በሱለይ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ገበያ ይወጣሉ፤ ቦርሳ፣ ምሳ ዕቃ፣ የውሃ ኮዳ፣ ባለ ቀለም እርሳስ ይገዛሉ። አባት በመጋዘን ጭኖና አውርዶ ወይም ከባድ መኪና ነድቶ፣ እናት ሰው ቤት ጠርጋና አብስላ ባገኙት ገንዘብ፣ እነርሱ በልጅነታቸው ያላገኙትን ለልጃቸው ለማሟላት ይደክማሉ። ድካማቸው የሚከበር ነው፤ እኔም ቦርሳው አይገዛ ለማለት አልተነሣሁም።

ሆኖም ለመጀመሪያው የትምህርት ቀን ከሁሉ የሚበልጠው ስንቅ በሱቅ የሚገኝ አይመስለኝም። ይህ ስንቅ ልጁ የልቡን ሙሉ አድርጎ የሚናገርበት አንድ ቋንቋ ነው። ይህንን ሊሰጡት የሚችሉት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ የሚሰጡትም ከእርሱ ጋር በመነጋገር ነው። በዚህ ጽሑፍ አማርኛ እያልሁ የምናገረውን፣ የቤታችሁ ቋንቋ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሃዲይኛ ወይም ካምባትኛ ከሆነ ለእርሱ እንደ ተነገረ አድርጋችሁ እንድትወስዱት እለምናለሁ።

እስኪ አስቀድመን የመጀመሪያው ቀን ከአንድ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ሕፃን ምን እንደሚጠይቅ እናስብ። ከእናቱ እጅ ተለይቶ ከማያውቀው ሰው ጋር መዋል አለበት። አንዲት መምህርት ለሠላሳ ልጆች በአንድ ጊዜ የምትናገረውን፣ ለእርሱም የተነገረ መሆኑን ተረድቶ መስማት አለበት። ተራው እስኪደርስ መጠበቅ፣ ሽንት ሲይዘው መናገር፣ ምሳ ዕቃውን መክፈት፣ ጫማውን ማሰር፣ ጓደኛው እርሳሱን ቢወስድበት ከመምታት ይልቅ በቃል መጠየቅ አለበት። ከእነዚህ ሁሉ ፊደል መቁጠርን የሚጠይቅ አንድም የለም። ፊደሉንማ ትምህርት ቤቱ ያስተምረዋል፤ የተከፈተውም ለዚሁ ነው። ትምህርት ቤቱ አንዴ ከጎደለ በኋላ ለመሙላት የሚቸገረው መስማትንና መናገርን ነው።

ሱለይን የምታውቁ ሁሉ የልጆቻችን ውሎ እንዴት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በከተማይቱ ደቡብ ምሥራቅ ያለ፣ መጋዘን የበዛበት፣ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ሰፈር ነው። ለሕፃን የሚሆን መንገድ የለም፤ ከቤት ውጭ ያለው ሙቀትም ለወራት ከአርባ ዲግሪ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ በአንዲት ክፍል፣ ከአየር ማቀዝቀዣው በታች፣ ስልክ በእጁ ይዞ ይውላል። ስልኩ አያለቅስም፣ አይደክምም፣ ጎረቤት አያስቸግርም። ልጁም በእንግሊዝኛ ቀለማትን ይቆጥራል፤ በዐረብኛ ከካርቱን የሰማውን ዘፈን ይዘፍናል፤ እንግዳ ሲመጣ እንዲያሳይ ይደረጋል፤ እንግዳውም ያደንቃል። ይኸው ልጅ ግን ሆዱን ሲያመው የት እንዳመመው፣ መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን በልቶ እንደ ነበር በየትኛውም ቋንቋ ሊናገር የማይችልበት ጊዜ አለ። ከሦስት ቋንቋ ቃላት አሉት፤ ከአንዱም ዓረፍተ ነገር የለውም። ስልክ ለልጁ ይናገራል እንጂ ልጁን አይሰማውም፤ ልጅ ደግሞ መናገርን የሚማረው ሲሰሙት፣ ሲመልሱለት፣ ሲሳሳት ቃሉን አቃንተው ሲደግሙለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ማያ ገጽ ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ይህን የምጠቅሰው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ዐሥር ሰዓት ቆማ ሠርታ የገባች ሴት ወጥ እስክትሠራ ድረስ ለልጇ ስልክ ብትሰጥ የሚፈርድባት ሰው፣ መጀመሪያ ሽንኩርቱን ይክተፍላት። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ስላለው ግማሽ ሰዓት ነው። የልጁ ስልክ ሲቀመጥ የአባትና የእናትም ስልክ አብሮ ይቀመጣልን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር ባወጡት ሐዋርያዊ ማሳሰቢያ፣ ሰባተኛውን ምዕራፍ በሙሉ ለልጆች አስተዳደግ ሰጥተዋል። በዚያም የመገናኛ መሣሪያዎች ተራርቀው ለሚኖሩ የቤተሰብ አባላት እንደሚጠቅሙ ይመሰክራሉ፤ ሆኖም ፊት ለፊት የሚደረገውን፣ ሰው ለሰው ቀርቦ የሚነጋገረውን ንግግር ሊተኩ እንደማይችሉ ያሳስባሉ። የስደተኛን ቤት በአካል ገብተው ያዩት ይመስላል።

እዚህ ላይ ከብዙ ወላጆች የሚሰማ ተቃውሞ አለ። «አማርኛ ምን ያደርግለታል? የምንኖረው በዐረብ አገር፣ የሚማረው በእንግሊዝኛ፣ ተስፋ የምናደርገው ደግሞ ወደ ሌላ አገር መሻገርን ነው። እንግሊዝኛውን ያስቀድም፤ አማርኛው የትም አይሄድም።» ይህ አነጋገር ከንቱ አይደለም። በእንግሊዝኛ ማጣት የተነሣ ዝቅ ያለ ሥራ ላይ የቀረ አባት፣ ልጁ እንዲህ እንዳይሆንበት ቢፈራ ትክክል ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ቃል ስሕተት ነው። አማርኛው ይሄዳል። በልጁ አፍ ላይ ካልተቀመጠ በቀር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሄዳል።

ከዚህም ሌላ፣ አንዱ ቋንቋ የሌላው ባለጋራ አይደለም። በካናዳ ያስተማረው የቋንቋ ትምህርት ሊቅ ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ጽንሰ ሐሳብ፣ ልጅ በአፍ መፍቻው ያዳበረው የማሰብና የመረዳት ችሎታ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ እንደሚሻገር አስረድቷል፤ ሐሳቡም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች በስደተኞች ልጆች ትምህርት ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል። በቤታችን አነጋገር ሲገለጥ እንዲህ ነው፦ «ምክንያቱም» የሚለውን በአማርኛ ያወቀ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ቃሉን ብቻ ይማራል፤ ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ምክንያት መስጠትን በየትኛውም ቋንቋ ያልለመደ ልጅ ግን ቃሉንም ነገሩንም በአንድ ቀን፣ በባዕድ አፍ፣ በሠላሳ ልጆች መካከል እንዲማር ይገደዳል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የኔታ ዘንድ የሚላከው ሕፃን ስንደዶውን ይዞ ፊደል ገበታው ፊት ሲቀመጥ፣ 33ቱን የፊደል ቤት በሰባት በሰባት ሲያዜም፣ 231 ድምፆች እየተቀበለ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ሳይደርስ ቋንቋውን ከእናቱ ጓዳ፣ ከአያቱ ምድጃ፣ ከከብት ጥበቃ ጠግቦ ነበር የመጣው። ፊደሉ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። እኛ አሁን የምናደርገው ግልባጩን ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግድግዳ ላይ የሦስት ቋንቋ ፊደል እንለጥፋለን፤ ልጁ ግን ስለ ትናንት ውሎው አንድ ታሪክ መናገር አልለመደም።

ነገሩ ከትምህርትም ያልፋል። በዚህ አገር የምንኖረው በቀጠሮ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 በተጀመረው ከአገር የማስወጣት ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ከጁላይ 2017 ጀምሮ ደግሞ ሠራተኛው ለሚያኖረው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደረገ፤ ክፍያውም በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2020 ወደ 400 ሪያል ደረሰ። ይህም ለአንድ ሰው በዓመት 4,800 ሪያል ነው፤ ለሚስትና ለሁለት ልጆች 14,400። ከዚህ የተነሣ ስንቱ አባት ቤተሰቡን ሸኝቶ ብቻውን እንደ ቀረ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በኢትዮጵያ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአካባቢው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባውም በሰባት ዓመት ነው። ዘንድሮ በሪያድ ቦርሳ የተገዛለት ልጅ፣ በሚመጣው ዓመት በደሴ ወይም በሆሳዕና ወይም በአዲግራት አያቱ ቤት ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ አያቲቱ ሻንጣውን ትፈታለች፤ ልብሱን ታጣጥፋለች፤ ከዚያም «ራበህ ወይ የኔ ልጅ?» ብላ ትጠይቀዋለች። የሚመልስላት ቃል ይኑረው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ምክሩ በተግባር ካልተመነዘረ ለደከመ ወላጅ ሌላ ሸክም ነውና።

ሽንኩርት ስትከትፉ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና የምትሠሩትን እየጠራችሁ ሥሩ፤ «አሁን ምን ቀረን? ዘይቱን ወይስ በርበሬውን እናስቀድም? ለምን?» በሉት። ለምስር ለቀማ ምስሩን ስጡት፤ ጣቶቹ እርሳስ ለመያዝ የሚበረቱት በዚህ ነው። ከሥራ የገባ አባት «ዛሬ ምን አደረግህ?» ብሎ ቢጠይቅ «ምንም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ይልቁንስ የራሱን ውሎ አስቀድሞ ይንገረው፤ መኪናው የት እንደ ቆመ፣ ማን እንደ ተቆጣ፣ ምሳ ምን እንደ በላ። ልጅ ታሪክ መናገርን የሚማረው ታሪክ ሲነገረው ነው። ስለዚህ ማታ ማታ «ተረት ተረት» በሉት፤ «የላም በረት» ብሎ ይመልስ። ተረት ረሳሁ የምትል እናት ካለች የራሷን መንደር ትንገረው፤ ወንዙን፣ ጅቡን፣ የጠፋችውን ፍየል። እንቆቅልህም እንዲሁ ነው፤ «ምን አውቅልህ» ብሎ ተቀብሎ፣ አስቦ፣ ሲያቅተው አገር ሰጥቶ ማዳመጥ በክፍል ውስጥ ጥያቄን ጠብቆ ከመመለስ ጋር አንድ ልምምድ ነው። መምህራን ይህን ለማስለመድ ወራት ይፈጅባቸዋል።

ፊደልን በተመለከተ፣ ከመጻፍ በፊት መስማት ይቀድማል። «በርበሬ በሚለው ቃል ውስጥ ‹በ› ስንት ጊዜ ተሰማች?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሁለት ጊዜ እንደሆነ በጆሮው ሲያገኝ የግእዝ ፊደልን ምሥጢር ግማሹን አግኝቷል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ የእኛና የእንግሊዝኛው ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ሦስቱን በአንድ ወር አትጀምሩለት። በሪያድ ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤትም ይሁን፣ የሕንዶች፣ የፓኪስታኖች፣ የፊሊፒኖች ወይም የዐረብኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛውን እንደ መረጣችሁ ስታውቁ የዚያን ፊደል በዚያ ለሚያስተምሩት ተዉላቸው።

ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ ግን አራት ወይም አምስት አነጋገሮች አስቀድመው በአፉ ይግቡ። ዐረብኛ ከሆነ መጸዳጃ ለመጠየቅ «ሐማም»፣ ለውሃ «ሞያ»፣ ላልገባው ነገር «ማ ፈሂምት» ማለትን ይወቅ፤ እንግሊዝኛ ከሆነም የዚያኑ አቻ። ሙሉ ስሙንና የአባቱን ስልክ ቁጥር ይያዝ። ብዙ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያለቅሰው በትምህርቱ ሳይሆን ሽንቱ አምልጦት ባፈረበት ቀን ነው። የሱሪውን ቁልፍ መክፈትና መዝጋት፣ እጁን መታጠብ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን ማላቀቅ በቤት ይለማመድ፤ እናንተም ቆማችሁ እዩት እንጂ አትቅደሙት። ለእናት ይህ ከባድ ነው።

ስለ እንቅልፍ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ከተማ ሕይወት የሚጀምረው ሲመሽ ነው፤ ሕፃናቱም እኩለ ሌሊት ድረስ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። ያው መመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመድባል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሊነሣ የሚገባው ልጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢተኛ ነው ይህን የሚያገኘው። ልማዱን ትምህርት በሚከፈትበት ዋዜማ ለመለወጥ መሞከር አይሳካም፤ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ እያስቀደሙ ማስተኛት ይሻላል።

አሁን ደግሞ ቃሌን ወደ እናንተ፣ ልጆቻችሁን በአገር ቤት ትታችሁ በሰው ቤት ወደምትሠሩት እኅቶቼ እመልሳለሁ። ልጅን በቤት ማዘጋጀት የሚለውን አነጋገር ስታነቡ «እኔ ምን ቤት አለኝ?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ልጃችሁ ምናልባት ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሞልቶት ወደ ዜሮ ክፍል ይገባል፤ ቦርሳውን እናንተ ልካችኋል፤ እጁን ይዛ የምትወስደው አያቱ ናት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 28 ቀን 1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው ቀዳሚና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን ሲናገር፣ ባሕር የተሻገሩትን እናቶች ከዚህ ክብር አላወጣቸውም።

በእጃችሁ ያለው ስልክ ነው፤ እርሱም ማዳም ስትፈቅድ። ከላይ ስለ ስልክ የተናገርሁት እዚህ ይገለበጣል፤ ልጁ በዚህኛው ስልክ የሚሰማው የእናቱን ድምፅ ነውና። አንድ መልካም አጋጣሚ አለ፦ የሪያድና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው። እርሱ ሊተኛ ሲል በእናንተም ዘንድ ያው ምሽት ነው። በኢሞ የምታደርጉትን ንግግር ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ «በላህ? ጠገብህ? ምን ልላክልህ?» ነው፤ ልጁም «አዎ፣ አዎ፣ መኪና» ብሎ ስልኩን ለአያቱ ይሰጣል። እናት የዕቃ ላኪ ብቻ ሆና የምትቀርበት መንገድ ይህ ነው። በዚህ ፈንታ «ዛሬ ዶሮዋ የት ተኛች? ከማን ጋር ተጫወትህ? ማን አሸነፈ?» በሉት፤ ነገ ደግሞ የትናንቱን አስታውሳችሁ ከዚያ ቀጥሉ። ማዳም በማትፈቅድበት ቀን የሦስት ደቂቃ ተረት በድምፅ መልእክት ቀድታችሁ ላኩለት፤ ተረቱን ከመሐል አቁማችሁ ቀሪውን ለነገ አሳድሩት። አያቱም ምሽት ምሽት ታሰማው። ሰውነታችሁ ደክሞ ድምፃችሁ ቢዝልም ግድ የለም፤ ልጁ ያንኑ ድምፅ ነው የሚጠብቀው። ወደ ትምህርት ቤት በሚሄድበት ማለዳም አስቀድማችሁ የቀዳችሁት ቃል ይድረሰው፤ መምህርቱ ማን እንደምትባል ጠይቆ ማታ እንዲነግራችሁ አደራ ስጡት። ያን ጊዜ ልጁ ለእናቱ የሚያደርሰው ወሬ ይዞ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

በመጨረሻ፣ በየቤቱ ስለሚታወቅና በአደባባይ ስለማይነገር ነገር። በመካከላችን ኢቃማ የሌላቸው፣ የልደት ወረቀትም ያልወጣላቸው ልጆች አሉ። ትምህርት ቤት እነዚህን ሰነዶች ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዕድሜያቸው ደርሶ ከበሩ ይመለሳሉ፤ የእኩዮቻቸውን ቦርሳ በመስኮት ያያሉ። ለእነዚህ ልጆች ቤት የትምህርት ቤት መሰናዶ መሆኑ ቀርቶ ለጊዜው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ሰነድ ልታወጡ የምትችሉ ወላጆች፣ ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቁ፤ በተወለደ ጊዜ ጀምሩ። ለማይችሉት ግን ከጎረቤት በቀር ማን አላቸው?

አርብ ለብዙዎቻችን የዕረፍት ቀን ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ አራትና አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት በሱለይ፣ በአገር ቤት መምህርት የነበረች ወይም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች አንዲት እኅት መገኘቷ አይቀርም። ምንጣፍ አንጥፋ፣ ሰነድ ያለውንም የሌለውንም ልጅ አንድ ላይ አስቀምጣ፣ ለአንድ ሰዓት ተረት ብትነግራቸው፣ ብታስቆጥራቸው፣ ተራ በተራ ብታስናግራቸው፣ የሌላው ቤት እናት ደግሞ የእርሷን ልብስ ብታጥብላትና ምሳዋን ብትሠራላት፣ ሥራው ተካፍሏል። ከሚመጣው አርብ ጀምሮ በየትኛው ቤት እንደሚሆን በዚህ ሳምንት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ምስሩንም ለለቀማ ይዛችሁ ሂዱ።